በአያ ገደፋው ግንባር ላይ ያረፈው ጫማ

ቡሬ ቤቴ ውስጥ ሰላጣ እያጠብሁ ነበር። ልጄ አቼቶውን ወደ ውኃው ስትገለብጠው ከመጠን በላይ ፈሰሰና ሽታው አፍንጫዬን ሰረሰረው። እጄን ከሳህኑ አውጥቼ ቆምሁ።

«ምነው እማ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኋት። እኔ ግን ፍኖተ ሰላም፣ ከአክስቴ ከዘሐራ ፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ገብቼ ነበር። እዚያ ሦስት ሳህን በተርታ ይቀመጥ ነበር፤ የመካከለኛው ልክ እንዲህ ይሸታል። በውኃ የቀጠነ አቼቶ ነው። ፎቶው ከመጀመሪያው መድኃኒት ወጥቶ እሱ ውስጥ ሲነከር መጥቆሩን ያቆማል። አምስተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ቀሚሴም ደብተሬም ያንኑ ይሸት ነበር።

አባቴ ቡሬ እህል ይነግድ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ የእህቱ ባል፣ ፎቶ አንሺው ጋሼ እድሪስ፣ ብዙም ሳይታመም ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። እስከ ክረምቱ አማቷ አብረዋት ቆዩ፤ እሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አባቴ «እህቴ ባዶ ቤት አታድርም» አለና መስከረም ላይ ሁለት ቀሚስና ደብተሮቼን አስይዞ ከእሷ ዘንድ ወስዶ ተወኝ። እቴቴ ነበር የምላት። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ባሏ በሕይወት ሳለ ፊልም ታጥብ፣ ፎቶ ታደርቅ ነበር እንጂ ካሜራውን እሷ ይዛ ሰው አንሥታ አታውቅም። ከሞተ በኋላ ግን አንገቷን ደፍታ ጀመረችው። ሴት ስለሆነች የእስላም ቤት ሴቶች ወደ እሷ መምጣት ወደዱ፤ የገጠር ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያ ሲወጡ ይመጡ ነበር።

ካሜራው ባለ ሁለት ዓይን ሳጥን ነው፤ አንዱ ዓይን ለማየት፣ አንዱ ፎቶውን ለመያዝ። ክዳኑ ሲከፈት ከላይ መስታወት አለ፤ አንሺው ጎንበስ ብሎ ከዚያ ያያል። መስታወቱ ውስጥ ቀኝና ግራ ይገለበጣል። እቴቴ «ትንሽ ወደ ቀኝ» ስትል ሰውየው ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው ግን ወደ ግራ ይሄዳል። እኔ እነዚያ ሌሎች ሰዎች ናቸው፣ የታዘዙትን ገልብጠው የሚሠሩ እምቢተኞች ናቸው ብዬ አምን ነበር።

ፊልሙ ከጥቁር ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል፤ አሥራ ሁለት ፎቶ ይይዛል። ከካሜራው ታች ይገባል፤ ከላይ ደግሞ የክር ማጠንጠኛ የመሰለ ባዶ ማጠንጠኛ ይደረጋል። አንድ ሰው በተነሣ ቁጥር በጎን ያለችውን ማዞሪያ ስናዞር ፊልሙ ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ለሚቀጥለው ሰው የሚሆን ቦታ ሲደርስ ማዞሪያዋ ራሷ ቀጥ ትላለች። ማዞሩ የእኔ ሥራ ሆነ። አሥራ ሁለተኛው ሲያልቅ የጥቅልሉን ማሸጊያ ወረቀት በምላሴ አርሼ የምለጥፈውም እኔ ነበርሁ። ሙጫው ጣፋጭ ነው። የሙሽራ ፎቶ ሲሆን የበለጠ እንደሚጣፍጥ ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬአቸዋለሁ።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር።

ጋሼ እድሪስ ታሞ ሆስፒታል ሳለ እናቴ ልትጠይቀው ስትሄድ ወስዳኝ ነበር። እጁ ላይ መርፌ የገባበት ቦታ በነጭ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ያንን ፕላስተር ብቻ ነው። ታዲያ ፎቶ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ሦስት ማጠንጠኛዎች ነበሩ፤ እቴቴ ሁልጊዜ ከላይ የምታስገባው ከሦስቱ አንዱን ነው፤ አዲሱ ፊልም የመጣበትን ወደ ሌላ ሣጥን ትጥለዋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እሱ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለችኝ። በሦስቱም ላይ፣ ፊልሙ በሚጠመጠምበት እንብርታቸው ላይ፣ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ነጭ የነበረው ከጣት ብዛት ጠቁሯል።

እኔ ያ ፕላስተር ከጋሼ እድሪስ እጅ የተነሣው መሰለኝ። እቴቴ መጣል አቅቷት እዚያ ላይ ጠቅልላ ያስቀመጠችው፣ መሳቢያውን በከፈተች ቁጥር የምትተክዘው በእሱ ምክንያት መሰለኝ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን እሷ ጎረቤት ሄዳ ሳለ ሦስቱንም ልጬ አነሣሁ። የሞተ ሰው ነገር ስለሆነ ቆሻሻ ላይ መጣል ፈራሁ። ከጓሮ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት፤ የማውቀውን ያህል ፋቲሓም ቀራሁበት። ማጠንጠኛዎቹን በሳሙና አጥቤ መለስሁ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ኅዳር ሲገባ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ፊልም በገባበት ጠዋት፣ አያ ገደፋውና ባለቤታቸው እማማ የውብዳር መጡ። ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ካለ ቀበሌ ነበሩ። አያ ገደፋው ታመው ሆስፒታል ሰንብተው ወጥተዋል፤ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመዋል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ካሜራውን በጥርጣሬ አዩት።

«ከየት ላይ ነው የምትወጊኝ?» አሏት እቴቴን።

«የምን መውጋት አባባ?»

«ሰው ሁሉ ሲወጋኝ ነው የከረመ። ያው መስሎኝ።»

«እዚህ የሚወጋ የለም። እኔን ብቻ ይዩኝ፤ አይንቀሳቀሱ።»

እማማ የውብዳር በአጠገባቸው እንዲቆሙ እቴቴ ብትለምናቸውም እምቢ አሉ። «ብቻውን ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ፣ የእኔ ይደርሳል። ፊቱ ጎላ ብሎ ይውጣልኝ።» ስለዚህ እቴቴ ቀረብ ብላ አነሣቻቸው፤ ሻሻቸው ከላይ የፎቶውን ጫፍ ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔ ማዞሪያዋን እስክትቆም አዞርሁ። ቀጥሎ የገባው የአውቶቡስ ረዳት ነበር። አዲስ ነጭ ጫማ ገዝቷል። «ጫማዬ ካልገባ አልነሣም» ብሎ ቁሞ፣ ከእግር እስከ ራሱ ተነሣ። አያ ገደፋው በዱላቸው ቀስ እያሉ ወጡ። ከበሩ ላይ ዞር ብለው «እውነትም አልወጋችኝ» አሉ።

ፊልሙ የታጠበው በሳምንቱ ነው። እቴቴ እንዲደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅላው፣ መቀስ ይዛ ልትቆርጠው ስትጠጋ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሁልጊዜ በአንዱ ፎቶና በሌላው መካከል ምንም የሌለበት ጠባብ መስመር አለ፤ የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው። አሁን መስመር የለም። አንዱ ሰው ከሌላው ላይ ወጥቷል። ካሜራው ውስጥ ፊልም ላይ ሰው ሁሉ ተዘቅዝቆ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ የቀደመው ሰው ራስ ከሚቀጥለው ሰው እግር ጋር ይዋሰናል። ድንበሩ ሲጠፋ ያንዱ እግር ካንዱ ራስ ላይ ወጣ ማለት ነው።

«እስክትቆም አዙረሻል?» አለችኝ።

«ወላሂ እስክትቆም ነው ያዞርሁት» አልሁ። እውነቴን ነበር።

ጨለማው ክፍል ገብተን የአያ ገደፋውን አተመችው። በቀዩ መብራት ወረቀቱ ሳህኑ ውስጥ እየዋኘ መጀመሪያ ኮታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ ዱላው፣ ጢማቸው፣ ዓይናቸው መጣ። ከቅንድባቸው በላይ ግን ግንባራቸው ላይ ሁለት ነጭ ጫማ ጎን ለጎን ቆሞ ቀረ። እቴቴ አፏን በእጇ ያዘች። ወረቀቱን አቼቶው ውስጥ መክተት ረስታ መጥቆር እስኪጀምር ድረስ ቆመች።

የከተማው ሰዎች ተመልሰው መጥተው ተነሡ፤ እቴቴ ከዚያ ወዲህ በሰውና በሰው መካከል አንድ ቦታ ባዶ ታሳልፍ ነበር። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ረዳቱ ሳቀ። አያ ገደፋው ብቻ አልመጡም። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ እማማ የውብዳር ጥቁር ለብሰው ብቻቸውን መጡ።

«አረፈ» አሉ። «ለአርባው ሰው ሲሰበሰብ ፊቱን ላቆምለት ብዬ ነው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው የተነሣ፤ እሱም ካንቺ ዘንድ» አሉ።

እቴቴ ፎቶው መሳቢያ ውስጥ እያለ «ወረቀት አልቆብኝ ነው እማማ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልስጥዎት» አለች። እሳቸው «ይሁን፣ ምን ቸገረኝ» ብለው ሄዱ። እቴቴ ስትዋሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ፤ አያ ገደፋውን የገደላቸው ያ ጫማ መሰለኝ። ራሳቸው ላይ ሲቆምባቸው ጊዜ አልቻሉትም ብዬ አሰብሁ።

እቴቴ ግንባሩን በእርሳስ ልትሞላው ሞከረች። ሦስት ጊዜ አተመች፣ ሦስት ጊዜ ሞላች። ሦስቱም የሌላ ሰው ግንባር ሆነ። በመጨረሻ እርሳሱን ጥላ ካሜራውን አነሣች።

«መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ» አለች።

ከታጠበ ፊልም የተረፈ ጥቁር ወረቀት ካሜራው ውስጥ አስገባች፤ የኋላ በሩን ግን አልዘጋችውም። «አዙሪ» አለችኝ። አዞርሁ፣ ቆመ። ወረቀቱ በሚታይበት አራት ማዕዘን ዙሪያውን በነጭ እርሳስ አሰመረች። «አዙሪ።» እንደገና አሰመረች። እንዲህ እያልን አሥራ ሁለቱን ጨርሰን ወረቀቱን አውጥተን መሬት ላይ ዘረጋነው። ሁለተኛው ሳጥን ከመጀመሪያው ውስጥ የጣት ጥፍር ያህል ገብቷል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ወደ መጨረሻው ግን ይሻላል፤ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ሊለያዩ ምንም አልቀራቸውም።

«ለምን መጀመሪያው ላይ ይብሳል?» አለች እቴቴ። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። ማጠንጠኛውን በጣቷ እያሽከረከረች «መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው፣ ቀጭን ነው። ወረቀቱ ሲጠራቀምበት ይወፍራል። ሲወፍር ባንድ ዙር ብዙ ይስባል። ክርም እንዲሁ ነው። ታዲያ ድሮስ ቀጭን አልነበረም?» አለች።

ድሮ ቀጭን አልነበረም። እኔ ነበርሁ ያቀጠንሁት። ተነሥቼ ጓሮ ሄድሁና ከዘይቱኑ ሥር ቁጭ አልሁ። እቴቴ ተከትላኝ መጣች።

«ምን ሆንሽ ሩቂ?»

«ፕላስተሩን የላጥሁት እኔ ነኝ። የጋሼ እድሪስ እጅ ላይ የነበረው መስሎኝ። እንዳታለቅሺ ብዬ።»

«እኔ በራሱ ጊዜ ተልጦ የወደቀ መስሎኝ! የት አደረግሽው?»

በጣቴ አሳየኋት። በማንኪያ ቆፈርን። ጭቃ የጠጣ፣ የተጨማደደ ነገር ወጣ። እቴቴ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችው። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ የተቆጣችው ሌላ ሰው ላይ ነው።

«እድሪስ የካሜራውን ማርጀት ያውቅ ነበር» አለች። «በፕላስተር አወፍሮ አስታረቀው። አብሬው ስውል ስሠራ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ነው አይለኝም? ምን ነበር ቢነግረኝ?» እንባዋ ወረደ። ጋሼ እድሪስ ከሞተ በኋላ እፊቴ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ንዴትም ነበረበት። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ከመድኃኒት ቤት አዲስ ፕላስተር እንዳመጣ ላከችኝ።

አንድ ዙር ጠቅልለን በእርሳሱ ሞከርን፤ አሁንም ይደራረባል። ሁለት ዙር፤ መስመሮቹ ተነካኩ። ሦስት ዙር ስንጠቀልል በሳጥኖቹ መካከል የስንዴ ፍሬ ውፍረት ያህል ክፍተት ወጣ። እቴቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቷ እየነካች ሄደች። «ይኸው» አለች።

«አሁን ምን እናደርጋለን?»

«እሳቸው ደግመው በከንቱ ከሚመጡ እኛ እንሄዳለን። የሆነውን እንነግራቸዋለን።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ወደ ገበዝ ማርያም በሚመለስ የጭነት መኪና፣ በባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ጨመረ፤ እቴቴ ካሜራውን በሻርፕ ጠቅልላ ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን ይዛው ነበር። ከመኪናው ወርደን የቀበሌው ሰዎች እየመሩን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። የአያ ገደፋው ግቢ ውስጥ ገብስ ተወቅቶ አልቆ ገለባው ተከምሯል። እማማ የውብዳር ሲያዩን ደንግጠው ተነሡ። ትልቁ ልጃቸው ይልቃልም ነበር። እርጎ ቀርቦልን እቴቴ አልነካችውም። ፎቶውን አውጥታ ሰጠቻቸው።

እማማ የውብዳር ወደ ደጁ ብርሃን ወጡና አዩት።

«ይህ ግንባሩ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጫማ ነው እማማ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተነሣ ሰው ጫማ። ካሜራው ፊልሙን በቅጡ ሳይስበው ቀረና አንዱ ካንዱ ላይ ወጣ። ወረቀት አልቆብኝ ነው ያልሁዎትም ውሸት ነው፤ አፍሬ ነው።»

ይልቃል ፎቶውን ከእናቱ ትከሻ በላይ አየና ፊቱ ተለወጠ። «የአባቴ ግንባር ላይ ጫማ! ይህንን ይዛችሁ ነው እስከዚህ የመጣችሁ?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።» ስለ ፕላስተሩ ነገርኋቸው፤ መቅበሬንም ነገርኋቸው። እማማ የውብዳር ዓይናቸውን ከፎቶው ላይ አነሡ።

«ለምን ቀበርሽው?»

«የሞተ ሰው ነገር ስለሆነ። እቴቴ እያየችው እንዳታዝን።»

«እኔም ጋቢውን ከጎታው ኋላ ደብቄዋለሁ» አሉ። «እንዳላየው ብዬ።» ይልቃል ቀና ብሎ አያቸው፤ አያውቅም ነበር።

ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡና ፎቶውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። አውራ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ፣ ልክ ጫማው ያለበት ላይ አሳረፉ። ጫማው ጠፋ። ሌላ ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ «ዓይኑ አለ። አፉም አለ። ይህች ማጭድ የቆረጣት ጣቱ ናት፤ እሷም ወጥታለች» አሉ። ቀና ብለው እቴቴን «ካሜራሽ አሁን ተሽሎታል?» አሏት።

«ሞክረነዋል እማማ። ተሽሎታል።»

«እንግዲያ እንዲህ እንደያዝሁት አንሺኝ። ለአርባው ይህ ይሆነኛል።»

እቴቴ ወደ ኋላ አልሸሸችም። አያ ገደፋውን ስታነሣ እንዳደረገችው ቀርባ፣ ሻሻቸው ጫፉን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ አቀረበቻቸው። እማማ የውብዳር ፎቶውን ደረታቸው ላይ አቁመው፣ አውራ ጣታቸውን ሳያነሡ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ካሜራው ቀጭ አለ።

«ሩቂ፣ አዙሪ። ከዚያ አንዱን ባዶ እናልፈዋለን» አለችኝ እቴቴ።

«ለምን ባዶ?» አሉ እማማ የውብዳር።

«ለጥንቃቄ ነው። ከእርስዎ ቀጥሎ ማንም እንዳይገባ።»

«ኧረ አይባክን! ይህች ልጅ ትግባበት። የሚረግጠኝ ከሆነም እሷ ትርገጠኝ፤ እግሯ ትንሽ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ይልቃል ነው። ሳቁ አምልጦት ነበር፤ ወዲያው ፊቱን ወደ ገለባው አዞረ። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልሁ።

«አድርጊው ልጄ» አሉኝ። «መሬቱ ብርድ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ ተነሣሁ። ማዞሪያዋን በዚያን ጊዜ ያዞረቻት እቴቴ ናት። ከዚያ እርጎውን ጠጣን።

ሁለቱም ፎቶ ለየብቻው ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ የውብዳር ሊወስዱ ሲመጡ እቴቴ ቆማ ሰጠቻቸው፤ እኔ ከኋላዋ ነበርሁ። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አድርገው መጀመሪያ የራሳቸውን ግንባር አዩ። ምንም የለበትም። ከዚያ ወደ ደረታቸው፣ ወደ አያ ገደፋው ወረዱ፤ እዚያ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በባላቸው ግንባር ላይ ያረፈውን አውራ ጣት ተመለከቱ።

«ይህ ጣት የእኔ ነው?» አሉ። «እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?» እየሳቁ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና ጨው ሊገዙ ወደ ገበያው ወረዱ።